አንዱን የግጥም አልበም ሁለት ጊዜ ሠራሁት

የዘፈን ግጥም መጻፍ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስሜን ብዙ ሰው አያውቀውም። የግጥም ደራሲ ስም ማን ያያል? ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ሲከፈት ግን ተሳፋሪው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፤ እሷ ትበቃኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አልበቃ አለችኝ። በራሴ ድምፅ የማነበው፣ ከሙዚቃ ጋር የተዋሃደ የግጥም አልበም ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ጥቅምት 2011 ነበር። በስድስት ወር አልቆ ይወጣል አልኩ። የወጣው ሚያዝያ 2015 ነው።

ይህን የምጽፈው ደብተሩ ሞልቶ ማይክ ልግዛ ወይስ ስቱዲዮ ልግባ እያለ ለሚያሰላስል ሰው ነው። በተለይ እንደኔ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖር። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል የግጥም በጃዝ ምሽት ከታደምኩ በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ መመለሻ መኪና ስለማይኖር ዘመድ ቤት አድር ነበር። አንድ ሌሊት ተጋድሜ ሳስብ "እኔም እኮ ግጥም አለኝ፣ ያውም የተዘፈነ" አልኩ። አዎ፣ ነበረኝ። ችግሩም የጀመረው ከዚያው ነው።

የድሮ ደብተሮቼን አገላብጬ 14 ግጥም መረጥኩ። ከ14ቱ ዘጠኙ ለዘፈን ተብለው የተጻፉ ናቸው። ከዘጠኙ ሦስቱን ደግሞ ሸጫቸዋለሁ። "ግጥሙን ሸጫለሁ" የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ፣ በልቼ ጨርሻለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ረስቼው ነበር። የራሴ ግጥም ነዋ! አንዱን አንብቤ ለናሙና ስለቅቀው የዘፈኑ ፕሮዲውሰር ደወለ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አልጮኸብኝም። "ወንድሜ፣ ያቺን ወረቀት እስቲ ደግመህ አንብባት" ብቻ አለኝ።

አነበብኳት። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ንም ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት፤ ዘጠኝ ዓመት ከጻፍኩ በኋላ ማለት ነው። ባጭሩ እንዲህ ነው። የግጥሙ ባለቤት ተብሎ በስም የመጠራት መብት የሞራል መብት ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱን ብትሸጡም እሱ እናንተ ጋ ይቀራል። የኢኮኖሚ መብቱ ግን፣ ማለትም ማባዛቱ፣ መሸጡ፣ ለሕዝብ ማቅረቡ፣ በጽሑፍ ካስተላለፋችሁት የእናንተ አይደለም። እናንተ ጻፋችሁት፣ ሌላ ሰው ያዝበታል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሸጣችኋቸውን ወረቀቶች ከመሳቢያ አውጡና አንብቡ። ከአሁን በኋላ ስትሸጡ ደግሞ "ለዘፈን አገልግሎት ብቻ፤ በንባብ የማቅረብ መብቱ የደራሲው ነው" የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

ሦስቱን አወጣኋቸው። የቀሩት ስድስት የዘፈን ግጥሞች ጣጣ የሕግ አልነበረም። እስቲ አንዱን እዩት፦

ናፍቆትሽ በረታ ናፍቆትሽ በረታ
ልቤ አላርፍ አለ ከጧት እስከ ማታ

ይህን ዘፋኝ በትዝታ ቅኝት ቢይዘው፣ ሁለተኛዋን "በረታ" ላይ ድምፁን ቢጎትታት፣ ሰው ያለቅሳል። እኔ ሳነበው ግን ሰውየው የረሳውን መስመር ደግሞ የሚጀምር ነው የሚመስለው። በዘፈን ድግግሞሽ ሲሆን ዜማው በየጊዜው ሌላ ልብስ ያለብሰዋል። በንባብ ድግግሞሹ ራቁቱን ነው። ይሄ ያኔ አልገባኝም። ድምፄ ነው ብዬ ድምፄን ወቀስኩ፤ ከዚያ ሙዚቃው ይሸፍነዋል ብዬ ተጽናናሁ።

ምጣኔውም አለ። ዘፈን ላይ የለመደ እጅ የወል ቤት ይጽፋል፤ ስድስት ስድስት፣ ባለ አሥራ ሁለት ቀለም (ክፍለ ቃል)። ሁለት ደቂቃ በዚያ ምጣኔ አንብቡና ቅዱት። የትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ የሚያነበው ይመስላል። እኔ 40 ደቂቃ ሙሉ እንደዚያ ነው ያነበብኩት።

2011 መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። አቀናባሪው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዘፈን ሲያቀናብር እጁ ይባረክ የሚያሰኝ። ግጥም በሙዚቃ ግን ሠርቶ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ ሁለታችንም የምናውቀውን ሠራን። ሙዚቃውን አስቀድመን ጨረስንና ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) ጆሮዬ ላይ እየመታ አንብብ ተባልኩ። የሰው ንግግር እኮ ምት አይቆጥርም። ቃል ላይ ይቆያል፣ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። እኔ ክሊኩን ላለመሳት ስል ራፐር ሆንኩ፤ ያውም የጎልማሳ ራፐር። ከዚያ ባዶ ቦታ ባየን ቁጥር ደነገጥን። እዚህ ሳክስፎን፣ እዚያ ኪቦርድ፣ ሥር ለሥር ቤዝ፣ መሲንቆ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ዘፈን ላይ ባዶ ቦታ ስህተት ይመስላላ።

ቅድሚያ ክፍያውን በእጅ ሰጠሁ። ወረቀት የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ "ወንድሜ" መባባል ብቻ።

አልበሙን ያስመረቅኩት የካቲት መጨረሻ 2012 ነው። ደብረ ብርሃን አዳራሽ ተከራየሁ፤ ወንበር 200። የመጣው ሰው 20 አይሞላም፤ ከነሱም ግማሹ የኔ ዘመድ ነው። ምን ሆነ ብላችሁ ካሰባችሁ ካላንደሩን ተመልከቱ። ዐቢይ ጾም ገብቷል። "ግጥም እንጂ ዘፈን አይደለም እኮ" ብዬ እከራከር ነበር። ፖስተሩ ላይ መሲንቆና ሳክስፎን አስሎ በሰሜን ሸዋ ምድር በሁዳዴ ኑልኝ የሚል ሰው ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንድ ጎረቤቴ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶ "ፍስክ ሲገባ ነው እንጂ" አለኝ፤ እየሳቀ። ወደ ቤቱ ሲገባ እንኳ እየሳቀ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላው፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። አዳራሽ ተዘጋ፣ ስብሰባ ቀረ። እኔም ከሽንፈቴ ጋር ወደ እናቴ ሄድኩ፤ መንዝ። ከጣርማበር ዋሻው ሳይደረስ ወደ ግራ ተገንጥሎ በሚሄደው መንገድ። ለሁለት ሳምንት ብዬ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋጋ ሁለት ወር ከረምኩ። አሁን ሳስበው አልበሙ የተሠራው እዚያ ነው።

እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ አለ ግን አይሞቅም፣ የመንዝን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስልኬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ግጥም ከፈትኩላት። እንዝርቷን ታሾራለች፣ ታዳምጣለች። አንድ ደቂቃ ያህል እንደሄደ፦

"ማነው ከኋላህ የሚያወራው?" አለችኝ።

"መሲንቆ ነው እኮ እማዬ።"

"መሲንቆ መሆኑንማ መች አጣሁት። ምን አጣልቷችሁ ነው? ቃልህን ልትጨርስ ስትል ይቀማሃል። ሽማግሌ ሲናገር እንደሚያቋርጥ ልጅ።"

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ትንሽ ቆይታ "ሠርግ ላይ አላየህም እንዴ? ግጥም ሰጪው 'ተቀበል' ይላል። ሰጥቶ ሲጨርስ አዝማሪው ይቀበላል። አንዱ እየሰጠ ሌላው አያወራም" አለች። ከዚያ ወደ ፈትሏ ተመለሰች።

ስቱዲዮ ከፍዬ ያላገኘሁትን ትምህርት ደጃፍ ላይ አገኘሁት። ተቀበል! ስንት ሠርግ ላይ፣ ስንት ጠላ ቤት ሰምቼዋለሁ። ለካ ግጥምና ሙዚቃ እንዴት ተራ እንደሚጠባበቁ አገሩ ድሮ ጨርሶታል። ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ሌላው ዝም ይላል፤ ስታበቃ ነው እዬዬ የሚሉት። ፎካሪ ሲፎክር መሣሪያ አይከተለውም፤ ሲጨርስ ነው ሰው የሚያቅራራለት። እኔ ደግሞ ግጥሜን ሙዚቃ ላይ ጭኜ ሁለቱን በአንድ አፍ አስወራኋቸው።

ያን ማታ አቀናባሪው ጋ ደወልኩ። መሲንቆውን ለብቻ ዝቅ አድርግልኝ፣ በየመስመሩ መካከል ብቻ ይግባ አልኩት። ዝም አለ። የስቱዲዮው ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ የየመሣሪያው ፋይል ጠፍቷል። የተረፈው ተደባልቆ ያለቀው ኤምፒስሪ ብቻ ነው። ከወጥ ውስጥ ጨው መልሶ ማውጣት ማለት ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ እኔም አንድ ፍላሽ ይዤ ሄጄ "የየትራኩን ገልብጥልኝ" አላልኩም። ቀረጻ ባለቀ ቀን፣ ገና ሚክስ ሳይደረግ (ድምፆቹ ሳይደባለቁ)፣ የእያንዳንዱን መሣሪያና የድምፃችሁን ፋይል ለየብቻ በዋቭ፣ ማለትም ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል፣ ተቀበሉ። ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይሁን። ቀሪ ክፍያ የምትከፍሉትም ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ ነው።

ስለዚህ እንደ አዲስ። መንዝ ውስጥ ኮምፒዩተር አልነበረኝም፣ ማይክ አልነበረኝም፣ ደብተርና እናቴ ብቻ ነበሩኝ። እሱም ደግ ሆነ። ግጥም ጽፌ ለእማዬና ለጎረቤት ሴቶች ቡና ላይ አነብላቸው ነበር። "ጥሩ ነው ወይ?" ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ሰው ሲያፍር ጥሩ ነው ይላል። ይልቅ "ምን አልክ?" ያሉኝ ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሲኒ መቅዳት የጀመሩበት ቦታ ላይም ምልክት አደርጋለሁ። "ምን አልክ" ቃሉ አልተሰማም ነው። ሲኒው ሰለቸን ነው። አንድ ግጥም ከመቀረጹ በፊት ሁለቱም ምልክት እስኪጠፋ አስተካክለዋለሁ። ከ14ቱ አሮጌ ግጥሞች ይህን ፈተና ያለፉት ሁለት ናቸው። ስድስት አዲስ ጻፍኩ። አልበሙ ስምንት ግጥም፣ 34 ደቂቃ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ለቅኔ ወዳጆች አንድ ነገር። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ወረቀት ላይ "ገና" ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢው ሲያላላው "አልደረሰም"፣ ሲያጠብቀው በዓሉ ይሆንለታል፤ ሰምና ወርቁ በአንድ ቃል ተቀምጧል። ስታነቡት ግን ምላሳችሁ አንዱን መምረጥ አለበት። "እመጣለሁ ያልሽው ገና ነው" የምትል መስመር ነበረችኝ፣ የምወዳት። ሳላላት የበዓሉ ቀጠሮ ጠፋ፤ ሳጠብቃት የጠባቂው ተስፋ ጠፋ። ስንት ቀን ታገልኳት። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ አንዴ አላልቼ፣ ከዚያ መሲንቆ ተቀበለ፣ ከዚያ አጥብቄ። ያን ቦታ የሰማ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ፈገግ ይላል። ወረቀት ላይ ማድረግ የማልችለው ነገር ነው። በሉ እንግዲህ ደብተራችሁን ገልጣችሁ እንዲህ ያሉ ቃሎችን ፈልጉ፦ ሰፊ፣ ዋና፣ አለ፣ ገና። ወይ ይጠቅሟችኋል ወይ ያጋልጧችኋል።

ምጣኔውን ደግሞ ሰበርኩት። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የወል ቤት የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፣ ጆሮ እፎይ የሚልበት። በመካከሉ ግን እንዲህ ያለ ገባ፦

ጣርማበር ጉም ውሏል።
መኪናው መብራት አብርቶ በቀን ይሄዳል።
እኔም እንደሱ ነኝ፤
ፀሐይ ወጥታ እያለች
መንገዴን በጭላንጭል የምፈልግ።

ቤት አይመታም፣ አውቃለሁ። አንድ ወዳጄ "ይሄ ግጥም ነው ወሬ?" ብሎኛል። ሳነበው ግን ቀጥሎ የሚመጣው የወል ቤት ሲገባ እንደ ከበሮ ይሰማል፤ ምክንያቱም ጆሮ ሲጠብቀው ቆይቷል።

ቀረጻውን ደብረ ብርሃን የተከራየሁባት ክፍል ውስጥ አደረግሁት። ስቱዲዮ ልመለስ ብል ገንዘቡ አልነበረም። ኮንዴንሰር ማይክ አትግዙ፤ የጎረቤት ምጣድ ሳይቀር ይሰማል። ባልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል፤ አፍ ፊት ያለውን ይወስዳል፣ ሌላውን ብዙም አይሰማም። ለግድግዳው እማዬ ሁለት ባና ሰጠችኝ፣ የራሷ ፈትል። ከከተማችን ፋብሪካ የወጡ ሦስት ብርድ ልብሶች ጨመርኩ። ባናውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ በገመድ ሰቀልኩት፤ ተለጥፎ ሲሰቀል ያን ያህል አይሠራም። ገብታችሁ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ካልተመለሰ ክፍሉ ደርሷል። ቁምሳጥን ውስጥ ጭንቅላት ከቶ ማንበብም ይሠራል፤ መጀመሪያ ላይ ያስቃል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ፣ ትንሽ ወደ ጎን። የኛ ቋንቋ ጰ፣ ጠ፣ ጨ የሚሉ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት፤ ፊት ለፊት ስታነቡ ማይኩን ይመቱታል። ሽቦ አጥፌ ስቶኪንግ ወጥሬበት ፊቱ አቆምኩ፤ በቃው። ቅጂው 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፤ ድምፃችሁ ከፍ ሲል መለኪያው ከቀዩ በደንብ ዝቅ ብሎ ይቅር። ዝቅ ያለውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ የተሰነጠቀውን ግን ማንም አይጠግነውም።

ጫጫታውስ? ቤቴ ከደሴ መንገድ ብዙ አይርቅም። ቀን አይሱዙ፣ ማታ አይሱዙ፣ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያለችው ብቻ ናት ጸጥ የምትለው። ደብረ ብርሃን በኅዳር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት! ጥርሴ ሲፋጭ ቅጂው ላይ ይሰማል። እዚህ ሁለት ጥፋት አጠፋሁ። አንደኛው፣ ለብርዱ ብዬ አንድ መለኪያ የአገሬን አረቄ ጠጣሁ። ያን ሌሊት ራሴን ሳዳምጥ እንዴት አሳምሬ እንዳነበብኩ! ጠዋት ስሰማው "ሸ" እና "ሰ" ተጋብተዋል። ሁለተኛው አያስቅም። ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሉን ዘግቼ፣ በባናና በብርድ ልብስ ደፍኜ ገባሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን ወቀረኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። በሩ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ደጅ ወድቄ ጎረቤት ነው ያነሳኝ። ድምፅ እንዳይገባ የደፈናችሁት ክፍል አየርም አያስገባም። ከሰል ጨርሶ አታስገቡ። ልብስ ደርቡ፣ ትኩስ ውሃ በፔርሙስ ያዙ፣ በየሃያ ደቂቃው በር ክፈቱ። ግጥም ለነፍስ ነው ይላሉ፤ መጀመሪያ ነፍሷ ትኑር።

ክሊክ አልተጠቀምኩም። ድምፄን ብቻ፣ በራሴ ትንፋሽ ቀዳሁ። ከዚያ መሲንቆ ተጫዋች ፈለግሁና አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው አገኘሁ፤ በየሠርጉ የኖሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሄድፎን አድርገው የማያውቁ ስለነበሩ መጀመሪያ "ይሄን ጆሮዬ ላይ አትድፋብኝ፣ አንተን እያየሁህ ልምታ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ ያያሉ፣ እዚያች ላይ ይገባሉ። በመሐላችን የመስታወት በር ባለበት ሁለት ክፍል ተቀመጥን፤ በመስታወቱ እያየሁዋቸው በአፌ ብቻ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ የተቀዳውን አብሬ እላለሁ፤ እሳቸው አፌን አይተው ይቀበላሉ። ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ክሊክ ከሚባል ነገር በልጠው ተገኙ።

የመሲንቆው ቆዳ ደግሞ ብርድና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው። ክረምት ላይ ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ የፈረስ ጭራውም ይላላል። ጋሼ ደጅ እሳት ዳር ያሞቁትና ክሩን እጣን ቀብተው ይገባሉ። ሩብ ሰዓት ይበቃናል፤ ከዚያ ቅኝቱ መውረድ ስለሚጀምር እንደገና ይወጣሉ። አንድ ግጥም በሁለት ቀን የተቀዳበት ጊዜ አለ። በበጋ ቅዱ የሚል ምክር ብሰጣችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን የጀመርኩት ሐምሌ ላይ ነው።

ቅኝትም ተምሬያለሁ። በመጀመሪያው አልበም ሁሉም ትዝታ ነበር። ትዝታ ደስ ይላል፣ 40 ደቂቃ ትዝታ ግን እንቅልፍ ነው። አሁን ሁለት በትዝታ፣ ሁለት በባቲ፣ አንድ በአምባሰል፣ አንድ በአንቺ ሆዬ፣ አንዱ በዋሽንት ብቻ። አንዱ ደግሞ ያለ ምንም።

ያ ያለ ምንም የሆነው እንዲህ ነው። በ2013 ከአጣዬ የተፈናቀሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን መጡ። ልብስና ብርድ ልብስ ከሚያደርሱት ጋር እኔም እሄድ ነበር፤ ለድምፅ የሰቀልኳቸው ሦስቱ ብርድ ልብሶችም ሄዱ። አንዲት እናት የቤቷን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ አየሁ። ቤቱ የለም፤ ቁልፉ አለ። ጻፍኩት። ሚክስ ያደረገልኝ ልጅ ከሥሩ አንጀት የሚበላ ዋሽንት አስገባበት። ሰማሁትና አፈርኩ። እሷ እንባዋን ይዛ የነገረችኝን እኔ በዋሽንት ሰው ላስለቅስበት ነው? ተመልሼ ሄድኩና ግጥሙን አነበብኩላት፣ ይውጣ ወይ ብዬም ጠየቅኋት። "ስሜን አትጥራ፣ ቁልፉን ጥራው" አለች። ዋሽንቱን አወጣነው። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ፣ ድምፅ ብቻ። ሰው ደውሎ የሚያወራኝ ስለዚያ ግጥም ነው።

ስለ ሚክስ ብዙ አልልም፤ ሥራው የልጁ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የከተማችን ልጅ። ሁለት ነገር ግን ንገሩት። አንድ፣ የመሲንቆና የሰው ድምፅ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ቃል የሚለይበት ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ኸርዝ ያለው ቦታ ላይ ከድምፃችሁ ጋር አብሮ ሲሄድ መሲንቆውን ይቀንስላችሁ። ሁለት፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ከንባቡ ይቁረጠው፤ አይሱዙው የሚኖረው እዚያ ነው። አልቋል ስትሉ በጥሩ ስፒከር ሳይሆን በርካሽ ስልክ፣ ሰው በሚያወራበት ቤት ውስጥ ስሙት። አብዛኛው ሰው የሚሰማው እንደዚያ ነው። ድምፁንም ከልክ በላይ አታስጩኹት፤ ዩቲዩብ የጮኸውን ራሱ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል።

ወረቀቱንም በዚህኛው አልረሳሁትም። ከጋሼ ጋር ውል ጻፍን። ማንበብ ስለማይችሉ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ምስክር ፈረመ። እንደ ተጫዋች በሕጉ የከዋኝ መብት አላቸው፤ በውሉም ከሽያጭ ድርሻ አላቸው፤ "እንዲህም አለ እንዴ? ሠርግ ላይ እኮ ግንባሬ ላይ ነው ሲለጥፉልኝ የኖሩት" ብለው ሳቁ። ግጥሞቹንም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዘገብኩ። ሕጉ ሥራው እንደተጻፈ ወይም እንደተቀረጸ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ጠብ ሲመጣ ግን ወረቀት የያዘ ሰው ይቀለዋል።

የወጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አዳራሽ አልተከራየሁም። 40 ሰው የሚይዝ ቡና ቤት ውስጥ፣ ጋሼ ከጎኔ፣ ስምንቱንም በቀጥታ አነበብኩ፤ 60 ሰው መጥቶ ገሚሱ ቆመ። በፍላሽ ሸጥኩ፣ ከዚያ በሳምንቱ ዩቲዩብ ላይ ለቀቅሁ። ከዩቲዩቡ የሚገባው የኢንተርኔት ወጪዬን አይሸፍንም፤ ገቢው የመጣው ፍላሹን ከያዘው ሰውና በኋላ ለመድረክ ከጠሩኝ ሰዎች ነው። ወጪዬን መለስኩ። የመጀመሪያውን አልበም ወጪ ግን አልመለስኩም፤ እሱ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ ቀርቷል።

አምስተኛው ግጥም ላይ፣ ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ውሻ ይጮኻል። ከሌሊቱ ሰባት ተኩል ላይ ነው፣ ልጁ ላውጣው ብሎ ነበር፣ እኔ ተው አልኩት፤ ቀጥሎ ያለው መስመር "ማን መጣ?" የሚል ነው። አሁን ሰው የሚጠይቀኝ ያን ውሻ ሆን ብዬ እንዴት እንዳስጮኽኩት ነው።